ከአይጥ መኖ ወደ ሰው እንክብል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በጤና ዓምዳችሁ የምግብ ማሟያዎች ኮሌስትሮልን እንደሚቀንሱና ጉበት ላይ የተከማቸ ስብን እንደሚያጠፉ የሚገልጹ ጽሑፎች በየጊዜው ይወጣሉ። በማስረጃነት የሚጠቀሱት ጥናቶች ግን በአብዛኛው በአይጦች ላይ የተካሄዱ ሲሆኑ፣ ይህም የሚነገረው በጽሑፉ ማብቂያ ላይ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ነው፤ ያውም ከተነገረ።

ይህን የምጽፈው በእንስሳት ላይ የሚደረገውን ምርምር ለማጣጣል አይደለም። ኮሊን የተባለው ንጥረ ምግብ የጎደለው መኖ የአይጥን ጉበት በስብ እንደሚሞላ፣ ኮሊን ሲጨመርበትም ስቡ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የታወቀው በዚሁ መንገድ ነው። ሆኖም በሰው ደም ውስጥ አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚያጓጉዘው ደም ሥርን የሚጎዳው ኤልዲኤል የተባለ የስብ ተሸካሚ ሲሆን፣ በአይጥ ደም ውስጥ ግን «ጥሩ» የሚባለው ተሸካሚ፣ ኤችዲኤል ነው። ተራ መኖ የምትበላ አይጥ ኮሌስትሮሏ በቀላሉ ስለማይጨምር፣ ተመራማሪዎች መኖው ላይ ኮሌስትሮልና ኮሊክ አሲድ የተባለውን የሐሞት አሲድ ይቀላቅላሉ። ኮሊክ አሲዱ ኮሌስትሮል ከአንጀት በብዛት እንዲመጠጥ ከማገዙም በላይ፣ ጉበት ኮሌስትሮልን ወደ ሐሞት አሲድ እየለወጠ የሚያስወግድበትን ሂደት ያዳክማል። እንዲህ ባለ መኖ ላይ ውጤት ያሳየ ማሟያ፣ ለዓመታት በተለመደ አመጋገብ በሰባ የሰው ጉበት ላይም ያንኑ ያደርጋል ማለት አይቻልም። በብዙዎቹ ሙከራዎች ደግሞ ማሟያው የሚሰጠው ከስባማው መኖ ጋር በአንድ ቀን ተጀምሮ ነው፤ ይህም መከላከልን እንጂ ማዳንን አያሳይም። ጉበቱ መስባቱ የተነገረው አንባቢ የሚፈልገው ግን ሁለተኛውን ነው።

የመጠኑ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ለትልቁ የቤተ ሙከራ አይጥ በኪሎግራም 200 ሚሊግራም የተሰጠ ማሟያ፣ የአይጥን መጠን ወደ ሰው ለመለወጥ በተለመደው ስሌት በ6 ገደማ ተካፍሎ፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 2 ግራም ያህል ይሆናል። የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ በአይጦች ጉበት ላይ ስብን መቀነሱ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ግን እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳስታወቀው፣ ዋናው ንጥረ ነገሩ ኢጂሲጂ በማሟያ መልክ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ፣ የጉበት ጉዳት ምልክት የሆኑ ኢንዛይሞች በአንዳንድ ሰዎች ደም ውስጥ ጨምረው ተገኝተዋል።

ስለዚህ ዓምዱ ወደፊት እንዲህ ያለ ዜና ሲያወጣ የተሞከረበትን እንስሳ፣ የበላውን መኖና የተሰጠውን መጠን ከርዕሱ ሥር፣ በመጀመሪያው አንቀጽ እንዲገልጽ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ