ከሬዲዮው ጋር

ውድ አባዬ፣

እንዴት ከረምክ? ጉልበትህን ተሻለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ናፍቆትህ ብቻ ነው ያስቸገረኝ።

ባለፈው ስንደዋወል ከጀርባዬ ሙዚቃ ሰምተህ «ዛሬም ያንን ጩኸት አልተውክም?» አልከኝ። በስልክ ላስረዳህ ሞክሬ አልሆነልኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ። አባዬ፣ እሱ ዘፈን ያንተው ትዝታ ነው።

«ዊሽ ዩ ወር ሂር» ይባላል፤ «ምነው እዚህ በነበርክ» እንደ ማለት ነው። የሠራው ፒንክ ፍሎይድ የሚባል የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ነው። ዘፈኑ ያለበት አልበም የወጣው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1975 ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው መስከረም 1 ቀን 1968 ሆነ። የእንቁጣጣሽ ዕለት!

አጀማመሩን ልንገርህ። መጀመሪያ አንድ ሰው የሬዲዮ ጣቢያ ሲቀያይር ይሰማል። ወሬ፣ ጭርጭርታ፣ ትንሽ ክላሲካል። ቀጥሎ ባለ 12 ክር ጊታር ይመጣል። ድምፁን ሆን ብለው አቅጥነውታል፤ ከትንሽ ሬዲዮ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ጥቂት ቆይቶ አንድ ሰው ያስላል። ትንፋሹን ሲስብ ሁሉ ይሰማል። ከዚያ ሌላ ጊታር ይገባል፣ ወፍራምና ቅርብ። አጠገብህ የተቀመጠ ሰው ከሬዲዮው ጋር አብሮ መጫወት የጀመረ ይመስልሃል።

መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ደሴ ያለው ሳሎናችን ነው ፊቴ ድቅን ያለው። ሬዲዮው ትዝታ ሲያሰማ አንተ ክራርህን ከግድግዳው ታወርዳለህ። ጉሮሮህን ትጠርጋለህ። ጆሮህን ወደ ሬዲዮው ዘንበል አድርገህ አንዷን ክር ጠበቅ፣ ሌላዋን ላላ ታደርጋለህ። እማዬ ከጓዳ «ዝም በሉ፣ አባታችሁ እየቃኘ ነው» ትለናለች።

የዘፈኑ ፍጥነት በደቂቃ 60 ምት ገደማ ነው። የሳሎኑን ሰዓት እያየህ በየሰከንዱ ብታጨበጭብ አገኘኸው ማለት ነው። ሮክ ሁሉ የሚሮጥ ይመስልሃል፤ ይሄ ግን አይቸኩልም። ከበሮው እንኳን የሚገባው ዘግይቶ ነው።

የገረመኝ ግን ቅኝቱ ነው። ጂ ሜጀር ነው፤ ጂ የሚሉት ያው ሶል ነው። ፈረንጆቹ ሜጀር የደስታ፣ ማይነር የሐዘን ነው ሲሉ እሰማለሁ። ታዲያ ይሄ ዘፈን በደስታው ቅኝት ተሠርቶ ለምን ሆድ ያባባል? መልሱን ያገኘሁት ካንተ ክራር ነው። ሙሉ ትዝታም እኮ ሜጀር ነው! እነዚያኑ ድምፆች ፈጠን አድርገህ ስትመታቸው ልጆች ሆነን እንጨፍርባቸው ነበር። ቀስ ስትል፣ በየመሐሉ ዝም ስትል፣ እማዬ ዓይኗን በነጠላዋ ትጠርጋለች። ጊታሩም መግቢያው ላይ በሁለት ኮርዶች፣ ማለትም አብረው በሚመቱ ድምፆች መሐል፣ ከኢ ማይነር ወደ ጂ፣ ከጂ ወደ ኢ ማይነር ይመላለሳል። አንዱ ጋ አይረጋም። ናፍቆት ራሱ እንደዚያ አይደል?

የባንዱ አባላት በዘፈኑ የናፈቁት ሰው ሲድ ባሬት ይባላል። ከባንዱ መሥራቾች አንዱ ነበር። አእምሮው ታውኮ በ1968 እንደ ፈረንጆቹ ተለያቸው። አልበሙን እየሠሩ ሳለ አንድ ቀን ስቱዲዮ ድረስ መጣ። ወፍሯል፣ ፀጉሩንና ቅንድቡን ተላጭቷል። ጓደኞቹ አላወቁትም። እየናፈቁት፣ አጠገባቸው ቆሞ ማን እንደሆነ ጠፋቸው። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል።

ፋሲካን ስመጣ ክራሩ አቧራ ለብሶ አየሁት። «ጣቶቼ ረሱት» አልከኝ። አላመንኩህም፣ አባዬ። ቁርጥማቱ እንደሚያምህ አውቃለሁ። ግን ይሄ ዘፈን ቀርፋፋ ነው፤ ጣትን አያስቸኩልም።

እባክህ አንድ ነገር አድርግልኝ። ክራሩን አውርደህ ከሶል ጀምረህ ሙሉ ትዝታ ቃኘው። ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ። መግቢያው ላይ ጊታሩ የሚጫወታቸው ድምፆች አብዛኞቹ እነዚሁ ናቸው። እሁድ ከቅዳሴ ስትመለስ እደውላለሁ፤ ዘፈኑን ከዚህ እከፍትልሃለሁ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው። ድምፁ ቀጥኖ ነው የሚመጣልህ፣ እንደ ሬዲዮ። ሳልህ ከመጣም ሳል፤ ከዚያ ግባ።

ልጅህ