ለልጄ፣ አባት ልትሆን ስለሆነ

ልጄ እንዴት ነህ፣ ትናንት በስልክ "አባዬ ማጥባት የሷ ስራ ነው፣ እኔ ምን አደርጋለሁ" ስትለኝ ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም፣ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው።

አንተ ስትወለድ እናትህ ጡት ላይ የነበረው ጠብ ጠብ የሚል ወፈር ያለ ቢጫ ነገር ብቻ ነበር። በሁለተኛው ቀን ለቅሶህን አልቻልኩትም፣ ሮጬ የዱቄት ወተትና ጡጦ ገዛሁ፣ ጠግበህ ተኛህ እኔም ልጄን አዳንኩ ብዬ ደስ አለኝ። ከዛ ጡጦውን ለመድክና ጡት ሲሰጡህ ትነጫነጭ ጀመር፣ ወተቷም እያነሰ እያነሰ ሄዶ 3 ወር ሳይሞላህ ደረቀ። "ወተት የለኝም" እያለች ስንቴ እንዳለቀሰች አልነግርህም። ነበራት እኮ! ጡት በተጠባ ቁጥር ነው የሚያመርተው፣ እኔ ሆድህን በጡጦ ስሞላው ጡቷ የሚጠባው አጣ።

ያ ቢጫው እንገር ነው። ትንሽ ነው ግን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበቃል፣ በሽታ የሚከላከል አንቲቦዲ የታጨቀበት ስለሆነ እንደ መጀመሪያ ክትባት ነው የሚታየው። ብዙው ወተት የሚመጣው ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ነው፣ እኔ ይሄን ባውቅ ኖሮ እታገስ ነበር። ስለዚህ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ይጥባ፣ ከዛም በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ። 6 ወር እስኪሞላው ውሃም አያስፈልገውም፣ የጡት ወተት አብዛኛው ውሃ ነው። ከ6 ወር በኋላ ይዞት የተወለደው አይረን፣ ማለትም ደም ለመስራት የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን፣ እያለቀ ስለሚሄድ ምግብ ይጀምራል፣ ጡቱ ግን እስከ 2 ዓመትና ከዛም በላይ ይቀጥል።

ደግሞ አሁኑኑ ሚስትህ በደንብ ትብላ። በፈረንጆቹ 1944 እና 45 ሆላንድ ውስጥ ረሃብ ነበር፣ ያኔ ገና የተፀነሱት ልጆች 50 ዓመት አካባቢ ሲደርሱ የልብ በሽታ ከእኩዮቻቸው በዝቶ ተገኘባቸው። ማህፀን ውስጥ የጎደለው ነገር ያን ያህል ዓመት ይከተላል።

ያንተ ስራ ይሄ ነው፣ ስታጠባ ውሃና ምግብ አቅርብላት፣ ጠብቶ ሲጨርስ አንተ ተቀብለህ አስገሳው፣ "ወተትሽ አይበቃም" የሚላትን ሰው አንተ መልስለት። ጡቷ ከቆሰለ አያያዙ ልክ ላይሆን ይችላል፣ አዋላጇ ትይላት። ሽንቱ ካነሰ ወይም ኪሎ ካልጨመረ ግን ሳትውል ሳታድር ሐኪም ጋ ውሰደው፣ ሐኪም ካዘዘ የዱቄት ወተት መስጠት ነውር የለውም።

በሁለተኛው ቀን ሲያለቅስና መሮጥ ሲያምርህ መጀመሪያ ለእኔ ደውል፣ ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።

አባትህ