ልጅዎ ምን እንደምትሠራ ለሚጠይቁዎት

ይድረስ ለአባባ፣
ደብረ ማርቆስ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው ስንደዋወል የጎረቤት ልጆች ዲፓርትመንት ሊመርጡ ነው፣ ማርኬቲንግ ምን እንደሆነ ይጠይቁኛል አሉኝ። "ልጄ ማስታወቂያ ትሠራለች ብዬ ዝም አልኩ" ሲሉኝ ሳቄ መጣ። ጡረታ ወጥተውም ተማሪ አልለቀቀዎትም። በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ጻፍኩልዎ። ከወደዱት ያንብቡላቸው።

በመጀመሪያ፣ ማስታወቂያ የሥራዬ ትንሹ ክፍል ነው። ቴሌቪዥን ላይ የሚያዩትን የሚሠራልን ኤጀንሲ ነው። እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ የምጨነቀው በሌላ ነገር ነው። የዱቄት ሳሙናችን በስንት ግራም ይታሸግ? በስንት ይሸጥ? ባለሱቁ ከአንዱ ምን ያህል ያትርፍ? ባህር ዳር መጋዘን ሞልቶ ፍኖተ ሰላም ለምን ጠፋ? ጥምቀት ሲቃረብ አገሩ ሁሉ ነጠላና ቀሚሱን ያጥባል። ያን ሰሞን ዕቃው ሱቅ ካልገባ የሰማይ ስባሪ የሚያህል ቢልቦርድ ብንሰቅል ዋጋ የለውም።

እርስዎ "ጥሩ ዕቃ ራሱን ይሸጣል" ይላሉ። ይህን ለምን እንደሚሉ ይገባኛል። በደርግ ጊዜ ሳሙናና ስኳር የወሰዱት ቀበሌ ሱቅ ተሰልፈው ነው። የተገኘውን ይዞ መሄድ ነበር። ለዚያ ሱቅ ማርኬቲንግ ክፍል ቢያቋቁሙለት ኖሮ ሠራተኛው ሻይ ሲጠጣ ይውል ነበር። ይህ ሥራ የሚመጣው ሰው መምረጥ ሲችል ነው። በስልኩም ያየነው ይህንኑ ነው። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት እስኪጀምር ድረስ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ የምንሄድበት አልነበረም። ሁለት ሲሆኑ ደንበኛ የሚባለው ሰው በአንዴ ተፈላጊ ሆነ።

ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት፣ ጥሩ ዕቃም ራሱን አይሸጥም። ሰው ሱቅ ሄዶ "ኦሞ ስጠኝ" ይላል። ኦሞ የአንድ ኩባንያ ምርት ነው፤ ሰዉ ግን የዱቄት ሳሙናን ሁሉ በዚያ ይጠራዋል። ባለሱቁም ደስ ያለውን አንስቶ ይሰጠዋል። ደስ የሚለው ደግሞ የሚያተርፍበት፣ አከፋፋዩ በዱቤ የሰጠው፣ ወይም እሽጉ መደርደሪያ ላይ የማይቀደደው ነው። ይህን ከቢሮ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። መርካቶ ጅምላ ተራ መቆም፣ ከሰፈር ባለሱቅ ጋር መጫወት ያስፈልጋል።

ለዚህ ነው ሥራ ፈልገው ለሚመጡ ልጆች ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ የማቀርበው። "ሰፈራችሁ ያለው ሱቅ አብዝቶ የሚሸጠው የትኛውን ሳሙና ነው? ለምን?" አብዛኞቹ ፎር ፒ የሚባለውን ይዘረዝሩልኛል፤ ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታ፣ ፕሮሞሽን። ልክ ናቸው፤ ለፈተና ይጠቅማል። እኔ ግን የጠየቅኩት ስለ ሱቁ ነው። አንዷ ብቻ "አላውቅም፣ ዛሬ ማታ ጠይቄ ልደውልልሽ?" አለችኝ። አሁን አብረን ነው የምንሠራው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለልጆቹ ማንበብ አለማንበቡን ለእርስዎ ትቼዋለሁ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ። የእኛ ጥሬ ዕቃ አብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ወይ ዋጋ መጨመር፣ ወይ ግራም መቀነስ ሆነ። ትንሿን እሽግ የሚገዙት የቀን ሥራ ሠርተው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። ዋጋው ከጨመረ ጭራሽ ይተዉታል። ግራሙ ከቀነሰ ይገዙታል፣ ግን ቶሎ ያልቅባቸዋል። እኔ ግራሙ ይቀነስ፣ አዲሱ ክብደት ግን ከፊት በትልቁ ይጻፍ አልኩ። ሽያጭ ክፍሉ "ተፎካካሪ ያላደረገውን እኛ ምን አስቸኮለን?" አለ። ፋይናንስም ደገፈው። በመጨረሻ ክብደቱ ከኋላ በትንሽ ፊደል ተጻፈ። አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክል አዋጅ አለ፣ ቁጥር 759/2004። የሕግ ክፍላችን እሱን ጠቅሶ ችግር የለውም ብሎ ፈረመ። እርስዎ ቢሆኑ ግን በቀይ እስክሪብቶ ያሰምሩበት ነበር። እኔም እስካሁን አልተዋጠልኝም። ከዚያ ወዲህ እሽግ በተቀየረ ቁጥር ነገሩን አነሳዋለሁ። ሲያዩኝ "መጣችልህ ደግሞ" መባባል ጀምረዋል።

ሌላው ምክሬ አጭር ነው። ሂሳብ ፈርቶ ማርኬቲንግ የሚመርጥ ልጅ ካለ ካሁኑ ይመለስ። ቀኑን ሙሉ ከኤክሴል ጋር ነው ትግሉ። ውጤታቸውን አይናቁ፤ ከ2015 ወዲህ መውጫ ፈተና ያላለፈ ዲግሪ አያገኝም። ቲክቶክ ላይ ተከታይ ያለው ሁሉ ዛሬ ማርኬተር ነኝ ይላል። ይሁንለት፣ ቪዲዮ መሥራትም ሙያ ነው፤ ነገር ግን አንዱን መንገድ ብቻ ማወቅ አደጋ አለው። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ቢራ ፋብሪካ የሚሠሩ ጓደኞቼ ሥራቸውን እንደ አዲስ ማሰብ ነበረባቸው። አከፋፋዩንና ግሮሰሪውን ስሙን እየጠሩ የሚያውቁት ብዙም አልተቸገሩ።

ቋንቋ ላይ ይበርቱ። ስብሰባችን በእንግሊዝኛ ነው፤ ገዢው ግን በእንግሊዝኛ አይገዛም። ጥሩ አማርኛ የሚጽፍ ወጣት ማግኘት ከምናስበው በላይ ከባድ ሆኗል። እዚያው ማርቆስ ሆነው አፋን ኦሮሞ ቢጀምሩ ደግሞ ስንት በር ይከፈትላቸዋል! እኔ ዘግይቼ ነው የጀመርኩት፣ አሁንም እየተንተባተብኩ ነው።

ደመወዙንም አይደብቋቸው። የጀማሪ ደመወዝ የአዲስ አበባን ቤት ኪራይ ብቻውን አይችልም። መጀመሪያ ላይ ተጋርቶ መኖር አለ፤ እኔም ከጓደኞቼ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የኖርነው። ክረምት ላይ ዝም ብለው ከሚቀመጡ ግን ከአንድ አከፋፋይ ጋር ገብተው ዕቃ ቢቆጥሩ፣ ቢያስጭኑ፣ ደረሰኝ ቢጽፉ እወዳለሁ። ያለ ክፍያም ቢሆን።

ያቺ "አባቴ አካውንቲንግ ካልሆነ ይለኛል" ያለችዎትን ልጅ ስልኬን ይስጧት። ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ትደውልልኝ፤ ቀን ስብሰባ ነው። አባቷንም ካገኘሁት አነጋግረዋለሁ፤ ሁለቱም የሚያጣሉ ትምህርቶች አይደሉም።

የጉልበትዎን መድኃኒት በሚመጣው ሰው እልካለሁ። እማማን ሳሙልኝ።

ልጅዎ
ከአዲስ አበባ