ልጁ ፖርታል ከመግባቱ በፊት፦ ለኮሌጅ ተጫዋቾች የአማርኛ መመሪያና የክሬዲት ድጋፍ የቀረበ ጥሪ

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ ወላጆችና ወገኖቻችን፤

ተሸናፊ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሲበተን ምን እንደሚመስል እዚሁ ደጃችን አይተናል። የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2021–22 የውድድር ዘመን 6 ጊዜ አሸንፎ 25 ጊዜ ተሸነፈ፤ በቢግ ኢስት ሊግ ካደረጋቸው 19 መደበኛ ጨዋታዎች አንዱንም አላሸነፈም። የሊጉ ተከታታይ ሽንፈት በሚቀጥለው ዓመት 29 ደረሰ፤ በማርች 2023 አሠልጣኙ ፓትሪክ ዩዊንግ ተሰናበተ። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ተጫዋቾች ለቀው ሄደዋል። ከዚያም ቀደም ብሎ በ2020 ወደ ቴክሳስ ቴክ የተዛወረው ማክ ማክላንግ በኋላ የኤንቢኤን የዳንክ ውድድር ከ2023 እስከ 2025 ለሦስት ዓመት በተከታታይ አሸነፈ። ልጆቻችን የሚያውቁት የእሱን ታሪክ ነው። ተጠባባቂ ወንበር ላይ 10ኛ ሆኖ የተቀመጠው፣ ቡድኑ ሲፈርስ አብሮ ስሙን ፖርታል ውስጥ፣ ማለትም መዛወር የሚፈልጉ ተጫዋቾች መዝገብ ውስጥ፣ ያስገባውና ጠሪ ያጣው ልጅ ግን አይወራለትም። ይህ ጥሪ ለእሱና ለወላጆቹ ነው።

የምንጠይቀው 17,000 ዶላር ነው። ለሁለት ሥራ ይውላል፦ ወላጅ ቁጭ ብሎ ሊያነበው የሚችል ባለ 48 ገጽ የአማርኛ የዝውውር መመሪያ ለማሳተም፣ እና በዝውውር ምክንያት ክሬዲት (ለዲግሪ የሚቆጠር የኮርስ ነጥብ) የጎደለባቸውን ልጆች በሰመር ኮርስ ለመደገፍ።

ለምን አሁን? ጊዜው እያጠረ ስለሆነ ነው። የዲቪዥን 1 (የከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ስሙን ማስገባት የሚችልበት መስኮት በ2023 60 ቀን ነበር። በ2024 ወደ 45፣ በ2025 ወደ 30 ወረደ። ከ2026 ጀምሮ ደግሞ ከዋንጫው ጨዋታ ማግስት የሚጀምር 15 ቀን ብቻ ሆኗል። ይህ ስም የማስገቢያው ጊዜ እንጂ አዲስ ኮሌጅ የመፈረሚያው አይደለም። ቢሆንም ዋናው ውሳኔ የሚወሰነው በእነዚያ ቀናት ነው፤ ያኔ ደንብ ማንበብ የጀመረ ቤተሰብ አይደርስም።

ፖርታሉ ራሱ የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ በኦክቶበር 2018 ሥራ ያስጀመረው የስም መዝገብ ነው። ተጫዋቹ በራሱ ገብቶ አይመዘገብም። ለኮሌጁ ኮምፕላያንስ ቢሮ (የስፖርት ደንብ መከበሩን ለሚከታተለው ክፍል) በኢሜይል ያመለክታል፣ ስለ ዝውውር የተዘጋጀውን አጭር የኢንተርኔት ትምህርት ይጨርሳል፣ ቢሮውም በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ስሙን ያስገባል። ከዚያ በኋላ የሌሎች ኮሌጆች አሠልጣኞች ሊያነጋግሩት ይችላሉ። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ከባዱ ነገር ያቺው አንዲት ኢሜይል የቀድሞው ኮሌጅ ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ ስኮላርሺፑን እንዲያነሳ መብት የምትሰጠው መሆኗ ነው። ልጁ ሐሳቡን ቀይሮ ስሙን ማስወጣት ይችላል፤ ኮሌጁ ግን ቦታውን የመመለስ ግዴታ የለበትም።

ቡድኑ ሲሸነፍ ከርሞ አሠልጣኝ ሲቀየር፣ አዲሱ አሠልጣኝ ልጁን ቢሮ ጠርቶ «ሌላ ቦታ ብትፈልግ ይሻልሃል» ይለዋል። አሠልጣኙ ቡድኑን እንዳዲስ ማዋቀሩ ያለ ነገር ነው። የሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2023–24 8 አሸንፎ 24 ከተሸነፈ በኋላ አዲስ አሠልጣኝ መጥቶ ቡድኑን ከሞላ ጎደል በአዲስ ተጫዋቾች ተካው፤ በዓመቱ 27 አሸንፎ 8 ብቻ ተሸነፈ። ነገር ግን ልጁ ያን ቃል ሰምቶ በዚያው ምሽት ማመልከቻ ከላከ፣ መዝገቡ ላይ የሚቀረው «በራሱ ፈቃድ ለቀቀ» የሚለው ነው። በውሉ ዘመን ውስጥ ኮሌጁ በጨዋታ ብቃት ምክንያት ስኮላርሺፕ መቀነስ አይፈቀድለትም፤ ውሉን የማያድስ ከሆነም እስከ ጁላይ 1 በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፣ ተማሪውም ይግባኝ ማለት ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የስኮላርሺፕ ውሉን አውጥቶ ለስንት ዓመት እንደሆነ ማየት፣ ከዚያ የፋይናንሻል ኤድ ቢሮውን በኢሜይል መጠየቅ፣ ከዚያ መወሰን። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ መብት ይጠፋል።

ሰው የማያየው ትልቁ ጉዳት ግን ክሬዲት ላይ ነው። ከአፕሪል 2024 ወዲህ በትምህርቱ ብቁ የሆነ ተጫዋች ስንት ጊዜ ቢዛወር አንድ ዓመት ሳይቀመጥ ወዲያው መጫወት ይችላል። «በትምህርቱ ብቁ የሆነ» የሚለው ሐረግ ላይ ነው ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው። አንድ ልጅ ሁለት ዓመት ተምሮ 60 ክሬዲት ጨርሷል እንበል። የሚማረው ኪኒሲዮሎጂ (የሰውነት እንቅስቃሴ ሳይንስ)፣ ዲግሪው 120 ክሬዲት ነው። አዲሱ ኮሌጅ 54ቱን ይቀበላል፤ ነገር ግን እዚያ ኪኒሲዮሎጂ ስለሌለ ቢዝነስ ይገባል። ከ54ቱ ውስጥ ለቢዝነስ ዲግሪ የሚቆጠሩት 42 ናቸው፤ 12ቱ ትራንስክሪፕቱ (የኮሌጅ ውጤት ማስረጃው) ላይ ተጽፈው ከመቅረት በቀር አይረዱትም። 42 ከ120 ሲሰላ 35 ከመቶ ነው። የዲቪዥን 1 ደንብ ሦስተኛ ዓመቱን ከሚጀምር ተጫዋች የዲግሪውን 40 ከመቶ፣ ማለትም 48 ክሬዲት ይፈልጋል። አራተኛ ዓመት ላይ 60፣ አምስተኛ ላይ 80 ከመቶ ይሆናል። ልጁ 6 ክሬዲት ጎደለው፤ ሁለት ኮርስ ማለት ነው። ይህ በሜይ ከታወቀ ሁለቱን ኮርሶች ካውንቲ ኮሌጅ በሰመር ወስዶ ይጨርሳቸዋል። ኦገስት መጨረሻ ላይ ከታወቀ ልጁ ልምምድ እየሠራ ጨዋታውን ከዳር ሆኖ ያያል።

ስለዚህ መመሪያው ውስጥ ሰፊውን ቦታ የያዘው ይህ ምዕራፍ ነው። «ክሬዲቴን ትቀበላላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ መልሱ ብዙ ጊዜ «አዎ» ነው። የሚጠየቀው የዲግሪ ኦዲት ነው፦ በአዲሱ የትምህርት ዘርፍ እያንዳንዱ ኮርስ የት ቦታ እንደሚሞላ የሚያሳየው ሰንጠረዥ፣ በጽሑፍ፣ ከመፈረም በፊት። ኮርስ ውድቅ ሲደረግ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ርእሱ ብቻ ታይቶ ይዘቱ ስላልታወቀ ነው፤ ሲላበሱ (የኮርሱ ይዘት ዝርዝር) ሲቀርብ ውሳኔው ሊቀየር ይችላል። የኮሌጅ ኢሜይሉና የኮርስ ድረ ገጹ ከመዘጋታቸው በፊት የሁሉንም ኮርስ ሲላበስ አውርዶ ማስቀመጥ ምንም ወጪ የለውም።

በኤፍ-1 ቪዛ ለሚማሩ ልጆች ሌላ ጥንቃቄ አለ። ሴቪስ በሚባለው የመንግሥት የውጭ ተማሪዎች መዝገብ ላይ ያለው ፋይላቸው ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ የሚተላለፈው በተወሰነ ቀን ነው፤ ያ ቀን ካለፈ የቀድሞው ኮሌጅ ሊያስቆመው አይችልም። ስለዚህ አዲሱ ኮሌጅ በጽሑፍ ሳይቀበላቸው ቀኑን ማስቆረጥ አደገኛ ነው። ከተላለፈ በኋላም አዲስ አይ-20 (ኮሌጁ ለውጭ ተማሪ የሚሰጠው ቅጽ) አውጥተው በ5 ወር ውስጥ ትምህርት መጀመር አለባቸው። ተጫዋቹ ስሙንና ምስሉን ለማስታወቂያ በማዋል የሚያገኘው ክፍያም ሆነ ኮሌጆች ከጁላይ 2025 ጀምሮ በቀጥታ የሚከፍሉት ገንዘብ ለእነዚህ ልጆች የሥራ ፈቃድ ጥያቄ ያስነሳል። የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያየው ምንም አይፈረም።

የገንዘቡ ዝርዝር ይህ ነው። 600 ቅጂ መመሪያ ለማሳተም በቅጂ 4 ዶላር ሂሳብ 2,400። የኢሚግሬሽኑንና የውሉን ምዕራፍ ለሚመረምር ጠበቃ 12 ሰዓት፣ 3,000። ለ30 ተማሪዎች ለእያንዳንዳቸው ወደ 4 ኮሌጅ ትራንስክሪፕት ለማስላክ በአንዱ 15 ዶላር፣ 1,800። ለሦስት ወር የስልክ መስመር 200። ትልቁ ወጪ 9,600 ሲሆን፣ ለ8 ተማሪዎች ሁለት ሁለት የሰመር ኮርስ፣ ለአንዱ ተማሪ እስከ 1,200 ዶላር ነው። ጽሑፉን የሚያዘጋጁትና ስልክ የሚያነሱት በነጻ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ እንዲታወቅ እንፈልጋለን። ከዚህ ገንዘብ አንድም ዶላር በተጫዋች እጅ አይገባም። በስፖርት ምክንያት ብቻ ከውጭ ሰው የተሰጠ እርዳታ የልጁን የመጫወት ፈቃድ ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ድጋፉ በገንዘብ ችግር ተለክቶ የሚሰጥ ነው፤ ተማሪው መጀመሪያ ከራሱ ኮምፕላያንስ ቢሮ የጽሑፍ ፈቃድ ያመጣል፤ ክፍያው በቀጥታ ለኮሌጁ ይገባል። ለየትኛውም ኮሌጅ ቡድን በደጋፊነት የምታዋጡ ካላችሁ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩን፤ የእናንተን መዋጮ ለኅትመቱ ብቻ እናውለዋለን። ልጆችንም «እዚህ ግባ፣ እዚያ አትግባ» አንልም።

መዋጮ በዜል ወይም በቼክ መስጠት ይቻላል፤ ማስታወሻው ላይ «ዝውውር» ብላችሁ ጻፉ፣ ደረሰኝ ይላክላችኋል። 20 ዶላር 5 መመሪያ ያሳትማል፤ 60 ዶላር የአንድ ተማሪን ትራንስክሪፕት ወደ 4 ኮሌጅ ያስልካል። እድሮችና ማኅበራት በአንድነት ቢሰጡ ሥራችን ይቀላል። መመሪያው በማርች መጀመሪያ፣ የሊግ ውድድሮች ሳይጠናቀቁ በየቤቱ እንዲደርስ ኅትመቱ በፌብሩዋሪ አጋማሽ መጀመር አለበት። በኮሌጅ ሬጅስትራር (የተማሪዎች መዝገብ ቢሮ) ወይም በአካዳሚክ አማካሪነት የምትሠሩ ደግሞ በመስኮቱ 15 ቀናት ውስጥ የአንድ ምሽት ሁለት ሰዓት ብትሰጡን ከገንዘቡ አይተናነስም።

ልጃችሁ አሁኑኑ ለማመልከት እያሰበ ከሆነ የመመሪያውን መታተም አትጠብቁ። ኢሜይሉን ከመላኩ በፊት የስኮላርሺፕ ውሉንና ትራንስክሪፕቱን ይዛችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በምንሰበሰብበት ኑ፤ በኤፍ-1 ቪዛ ያለ ከሆነ አይ-20ውንም ይያዝ።