ውሃውን አትዩ፣ ዳሩን እዩ

እህት ዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብሽ። እትዬ ማረፋቸውን የሰማሁ ለት ስልኩን አንስቼ ነበር። ምን ብዬ ልጀምር እያልኩ ነጋ። በማግስቱ ደግሞ ትናንት ያልደወልኩ ዛሬ በምን አፌ አልኩ። እንዲህ እያልኩ ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። በእጃቸው ጎርሼ ያደግኩ ልጅ ለቅሷቸውን በስልክ እንኳን አልደረስኩም። ይቅር በይኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ባለፈው እሁድ የሄድኩበት ቦታ ነው። የሥራ ባልደረባዬ "ዋሻ በጀልባ እንይ" ብላ ይዛኝ ሄደች። ከሎስ አንጀለስ እስከ ቬንቹራ በመኪና፣ ከዚያ ሳንታ ክሩዝ ወደምትባለው ደሴት በጀልባ። ባሕሩ ያን ቀን እንደ ጣና ማለዳ ዝም ያለ ነበር። የሚያጣድፈን ሰው የለም። ቡናችንን ይዘን ከፊት ለፊት ተቀመጥን። በቀኝም በግራም የነዳጅ ማውጫ ብረቶች ከውሃው መሃል ቆመዋል። እነሱን እንዳለፍን ዶልፊኖች መጡ። አንድ ሁለት አይደሉም፣ መንጋ ናቸው! ከጀልባዋ አፍንጫ ሥር እየተሽቀዳደሙ ይዘላሉ። አንድ ሕፃን ልጅ ከደስታው ብዛት አለቀሰ።

ከጀልባዋ ሠራተኞች አንዷ የደሴቲቱን የጥንት ባለቤቶች ታሪክ ነገረችን። ቹማሽ ይባላሉ። ደሴቲቱን ሊሙው ነው የሚሏት። በእነሱ አተራረክ ሰው የተፈጠረው እዚያች ደሴት ላይ ነው። ሕዝቡ ሲበዛ ሁታሽ የምትባለው የምድር እናት ቀስተ ደመናን ድልድይ አድርጋ ወደ ትልቁ መሬት አሻገረቻቸው። ስትሸኛቸው ግን ወደ ታች እንዳታዩ አለቻቸው። አንዳንዶቹ አዩ። ዞረባቸውና ባሕር ውስጥ ወደቁ። እሷም አዘነችላቸው። እንዳይሰምጡ ብላ ዶልፊን አደረገቻቸው። ቹማሾች ዶልፊንን ወንድማችን የሚሉት ለዚህ ነው።

እኔ እዚያው ቀረሁ፣ ሐሳቤ ባሕር ዳር ገባ። ትዝ አለሽ? እትዬ ወደ ደብረ ማርያም በታንኳ ሲያሻግሩን? ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ቀሚሳችን ከታች ሲርስ፣ አንቺ ጎንበስ ብለሽ ውሃውን ስታዪ፣ እሳቸው ነጠላቸውን እየሰበሰቡ "ውሃውን አትዩ! ዳሩን እዩ!" ይሉን ነበር። አንዴ አልሰማ ብዬ አዘነበልኩና በቀሚሴ አንገት ይዘው መለሱኝ። አልቆጡኝም። ዳሩ እስክንደርስ እጄን ይዘውኝ ሄዱ።

ቹማሾችም የራሳቸው ታንኳ ነበራቸው፣ ቶሞል ይሉታል። ባሕር የተፋውን እንጨት ሳንቃ አውጥተው፣ በገመድ ሰፍተው፣ ስፌቱን በሬንጅና በጥድ ሙጫ ይደፍኑታል። ሬንጁ እዚያው ዳርቻ ላይ በራሱ የሚፈልቅ ነው። የልጅ ልጆቻቸው እንደገና ቶሞል ሠርተው በፈረንጆቹ 2001 ይህንኑ ባሕር በመቅዘፊያ ተሻገሩ። ይህን ስሰማ ውስጤን አንድ ነገር አለኝ። ስንት ዘመን ተቋርጦ የነበረ ነገር ነው።

ከዚያ ዋሻው። ባለቀለሙ ዋሻ ነው የሚሉት። እሳተ ገሞራ የተወው ድንጋይ ነው፣ ማዕበሉ ስንጥቁን ተከትሎ እየመታ እየመታ ቦርቡሮታል። የመግቢያው ከፍታ ወደ 50 ሜትር ነው፣ ወደ ውስጥ ደግሞ 370 ሜትር ገደማ ይዘልቃል። ባለ ሁለት ፎቅ ጀልባችን እንደ አሻንጉሊት ገባች። ግድግዳው ብታዪው! የድንጋይ ሽበቱ፣ አልጌው፣ ከድንጋዩ የሚወጣው ማዕድን ተቀላቅሎ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ ሆኗል። እንደ ድሮ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። በጸደይ በመግቢያው ላይ ፏፏቴ ይወርዳል አሉ፣ እኛ ግን ጠብታ ብቻ ነው የደረሰን።

ካፒቴኑ መብራቱን ወደ ውስጥ አበራና መልሶ አጠፋው። የሁሉም ሰው ወሬ ቆመ። ከጨለማው መጨረሻ የባሕር አንበሶች ይጮሃሉ፣ አይታዩም። ውሃው ድንጋዩን ይልሰዋል። እኔ ጨለማ እንደምፈራ ታውቂያለሽ። ያን ጊዜ ግን አልፈራሁም። ወደ ኋላዬ ዞርኩና የመጣንበትን ብርሃን አየሁ። ሰማያዊ፣ ጠባብ፣ ግን እዚያው አለ። አለቀስኩ። ባልደረባዬ ምንም አልጠየቀችኝም፣ መሐረብ ብቻ ሰጠችኝ። ለእትዬ ያላለቀስኩት ለቅሶ እዚያ ነው የወጣው።

ነፍሳቸውን ይማር። አንቺንም ያጽናሽ። ይህን ቃል ሦስት ዓመት አዘግይቼዋለሁ።

ፎቶ ልኬልሻለሁ። የውስጡ ጨልሞ ወጣ፣ የመግቢያው ግን ቀለሙ ይታያል። አንድ ልጠይቅሽ። እትዬ ታንኳ ላይ ስንወጣ የሚሏት አጭር ጸሎት ነበረች። መጀመሪያዋን አስታውሳለሁ፣ መጨረሻዋ ጠፋኝ። አንቺ ዘንድ ካለች ጻፊልኝ።

ቅዳሜ ማታ በእናንተ ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ካላነሳሽው እሁድ እደግመዋለሁ።

ያቺው እህትሽ