ኒውተንን ለምታጠናው ልጄ

ውድ ልጄ፣

የኒውተንን ሦስት የእንቅስቃሴ ሕጎች መማር ጀመርን ብለሽ ስትጽፊልኝ በጣም ደስ አለኝ። ሦስቱንም በቃልሽ መያዝሽ ጎበዝ ያሰኝሻል። እኔን ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን ጥያቄሽ ነው። «ሦስተኛው ሕግ እንደሚለው ለእያንዳንዱ ኃይል እኩልና ተቃራኒ ኃይል ካለ፣ ለምን ተጠፋፍተው ዜሮ አይሆኑም?» ብለሻል።

መልሱ ያለው ኃይሎቹ የሚያርፉበት ቦታ ላይ ነው። ስትራመጂ እግርሽ መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋል። መሬቱም በዚያው መጠን አንቺን ወደ ፊት ይገፋሻል። አንዱ ኃይል የሚያርፈው መሬቱ ላይ፣ ሌላው አንቺ ላይ ነው። አንድ አካል ላይ ስላልተገናኙ አይጠፋፉም። የሚያንሸራትት ወለል ላይ መራመድ የሚያቅተንም እግራችን ወለሉን ወደ ኋላ መግፋት ስለማይችል ነው። ካልገፋሽው አይገፋሽም።

«ታዲያ መሬት ለምን ወደ ኋላ አትሄድም?» ትዪ ይሆናል። እዚህ ላይ ሁለተኛው ሕግ ይመጣል። ኃይሉ እኩል ሆኖ መጠነ ቁሱ ሲበዛ፣ የፍጥነቱ ለውጥ ያንሳል። የመሬት መጠነ ቁስ እጅግ ግዙፍ ስለሆነ ለውጡ ከምንም አይቆጠርም። የመጀመሪያውን ሕግ አውቶቡስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ታውቂዋለሽ፤ ወደ ፊት የገፋሽ የለም፣ ሰውነትሽ ጉዞውን ሊቀጥል ፈልጎ ነው።

አሁን ስለ ሰውየው፣ ስለ ኒውተን ላጫውትሽ። እ.ኤ.አ. በ1684 የሥነ ፈለክ ሊቁ ኤድመንድ ሃሌይ ካምብሪጅ ድረስ ሄዶ ኒውተንን ጠየቀው። ፀሐይ ፕላኔትን የምትስብበት ኃይል በርቀቱ ስኩዌር ልክ የሚቀንስ ቢሆን (ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ የሚወርድ ማለት ነው)፣ የፕላኔቷ መንገድ ምን ቅርጽ ይኖረዋል? ኒውተን ወዲያው «ኤሊፕስ» አለ፤ ሞላላ ቅርጽ ማለቱ ነው። አስልቼዋለሁ ብሎ ወረቀቱን ቢፈልግ ግን አጣው። እንደገና ሠርቼ እልክልሃለሁ አለ፤ ቃሉንም ጠበቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ዘጠኝ ገጽ ያህል ጽሑፍ ላከለት። በዚያም አላበቃም። እያረመ፣ እያሰፋ ሄዶ በ1687 ሦስቱ ሕጎች ያሉበት «ፕሪንኪፒያ» የተባለው መጽሐፉ ታተመ። የማሳተሚያውን ወጪ የሸፈነው ሃሌይ ራሱ ነበር። እኔ በዚህ ታሪክ ሃሌይንም እኩል እወደዋለሁ። ጥሩ ጥያቄ ይዞ ሄደ፤ መልሱ ሲገኝም ከመቅናት ይልቅ ደገፈው።

የኒውተን ጠባይ ሁሉ ግን የሚወረስ አይደለም። ካልኩለስን፣ የለውጥን መጠን የሚያሰላውን የሂሳብ ዘርፍ፣ ቀድሞ ማን አገኘው በሚለው ከጀርመናዊው የሂሳብ ሊቅ ከላይብኒትስ ጋር ክፉኛ ተጣላ። በ1712 ጉዳዩን የመረመረው የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች ማኅበር የሆነው የሮያል ሶሳይቲ ኮሚቴ ነበር። የሶሳይቲው ፕሬዝዳንት ደግሞ ኒውተን ራሱ! የኮሚቴውንም ሪፖርት በአብዛኛው የጻፈው እሱ ነው። ዛሬ የታሪክ ሊቃውንት ሁለቱም ለየብቻ እንደደረሱበት ይስማማሉ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ያን ያህል ዘመን ቂም ሲቆጥር መኖሩ በጣም ያሳዝነኛል። አንቺ ትጋቱን ውሰጂ፤ የክፍል ጓደኛሽ ቀድማሽ ስትመልስ ግን እንደ ሃሌይ ሁኚላት።

ለጥያቄሽ አንድ ልምምድ ልስጥሽ። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ መጽሐፍ ሳዪ። ኃይሎቹን በቀስት አሳዪና በእያንዳንዱ ቀስት ጎን «ማን፣ በማን ላይ» ብለሽ ጻፊ። የመጽሐፉ ክብደትና ጠረጴዛው ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል እኩል ናቸው፤ ግን የሦስተኛው ሕግ ጥንድ አይደሉም። ለምን? ሥዕሉን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።

የምትወድሽ እናትሽ