ነርሲንግ የሚያመልጠው በጂኦግራፊ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተነገረ ሰሞን ጋዜጦች ስንት ተማሪ 50 በመቶና ከዚያ በላይ እንዳመጣ ይጽፋሉ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም ነው። ከቢቸና፣ ከሞጣ ወይም ከቡሬ ልጃቸውን ዩኒቨርሲቲ የሸኙ ወላጆች በበኩላቸው «ነርስ ልትሆን ገባች» ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ አዳርሰዋል። ልጅቷ ግን ገና ነርሲንግ አልገባችም። የገባችው ፍሬሽማን ነው፤ ትምህርት ክፍል ከመለየቱ በፊት በጋራ የሚማሩት የመጀመሪያ ዓመት። ነርሲንግን የምታገኘውም የምታጣውም እዚያ በምታመጣው ውጤት ነው። የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ አሠራሩ ይኸው ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ተማሪ ይህን የሚረዳው የመጀመሪያው ሴሚስተር ካለቀ በኋላ ነው።

የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚወስደው በአብዛኛው እንግሊዝኛ፣ ፊዚክስ፣ ሒሳብ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክና የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ነው። እያንዳንዳቸው ባለ 3 ክሬዲት ናቸው፤ ድምራቸው 18። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ነው። የጤና ትምህርት የሚፈልግ ልጅ ታዲያ «የእኔ ትምህርት ገና አልጀመረም» ይልና ጂኦግራፊና ሳይኮሎጂን በፈተናው ዋዜማ ሌሊት ሊያነባቸው ይተዋቸዋል። ቦታው የሚያመልጠው ያኔ ነው።

በሂሳብ እንየው። አንድ ተማሪ እንግሊዝኛ ቢ ፕላስ (3.5)፣ ፊዚክስ ቢ ማይነስ (2.75)፣ ሒሳብ ቢ (3)፣ ሳይኮሎጂ ሲ ፕላስ (2.5)፣ ሎጂክ ሲ (2)፣ ጂኦግራፊ ሲ ፕላስ (2.5) ቢያመጣ አማካዩ 2.71 ነው። ፊዚክሱንና ሒሳቡን ሳይነካ ሦስቱን «ቀላል» ኮርሶች፣ ሳይኮሎጂን፣ ሎጂክንና ጂኦግራፊን፣ ወደ ኤ ማይነስ (3.75) ቢያወጣቸው 3.42 ይሆናል። እነዚህ ሁለት ውጤቶች በትምህርት ክፍል ምደባ ዝርዝር ላይ ጎን ለጎን አይቀመጡም፤ በመካከላቸው ብዙ ስም አለ።

ደረጃዎቹም እኩል አይራራቁም። በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች በሚሠራበት አሰጣጥ ከ50 እስከ 59 ሲ ነው፤ 60 ሲሞላ ሲ ፕላስ ይሆናል፤ ይህች አንድ ማርክ ግማሽ ነጥብ ታወጣለች። 74 እና 75ም እንደዚያው ናቸው፤ ከ3 ወደ 3.5። ከ79 ወደ 80 መዝለል ግን ሩብ ነጥብ ብቻ ነው፤ ከ85 በላይ ደግሞ ኤም ሆነ ኤ ፕላስ ያው 4 ነው። ስለዚህ ፋይናሉ ሲቃረብ ተማሪው የተከታታይ ምዘናውን ማርክ ይደምርና የትኛው ኮርስ 60 ወይም 75 ደፍ ላይ እንደቆመ ይለይ። በእንግሊዝኛ 88 የያዘ ልጅ 92 ለማድረግ ሲያመሽ ሎጂክን 58 ላይ ትቶት ከሆነ ድካሙ ለአማካዩ አንዳች አልጨመረም። የየዩኒቨርሲቲው ደንብ በትንሹም ቢሆን ሊለይ ስለሚችል መቁረጫዎቹን ከሬጅስትራር ጠይቆ በደብተር ጀርባ መጻፍ ነው።

ሎጂክ ላይ ሲ የሚበዛው ተማሪው የአስተሳሰብ ስሕተት ዓይነቶችን ስም እንደ ውዳሴ ማርያም ሸምድዶ ስለሚገባ ነው። ፈተናው ስሙን አይጠይቅም፤ አንድ አንቀጽ ሰጥቶ «የቱ ስሕተት ተሠራ?» ይላል። ከመጽሐፉ ምዕራፍ በስተጀርባ ያሉትን መልመጃዎች መሥራት ሦስት ጊዜ ከማንበብ ይበልጣል። ኬሚስትሪ ላይ የሚጥለው ስቶይኪዮሜትሪ፣ ማለትም በኬሚካዊ ለውጥ የሚገቡና የሚወጡ ንጥረ ነገሮች መጠን ስሌት ነው። ሥሩ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የሚሰጠው የሞል (የንጥረ ነገር መጠን መለኪያ) ስሌት ነው፤ እኛ አካባቢ ትምህርት በተቆራረጠባቸው ዓመታት የተዘለለውም ይኸው ነው። ኮርሱ በሁለተኛው ሴሚስተር ስለሚመጣ በመካከል ያለችው ዕረፍት ለዚህ ትበቃለች፦ ግራምን ወደ ሞል፣ ሞልን ወደ ግራም፣ ቀጥሎም ቀድሞ የሚያልቀውን ንጥረ ነገር መለየት፤ በቀን 10 ጥያቄ።

«ሒሳብ ለነርስ ምን ያደርግላታል?» ለሚሉ ደግሞ አንድ ነገር እናሳይ። ሐኪም 1000 ሚሊ ሊትር ሴላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ) በ8 ሰዓት እንዲገባ አዘዘ እንበል። የተሰቀለው መስመር በ20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር የሚሰጥ ነው። 1000 በ20 ሲባዛ 20,000 ጠብታ፤ 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው፤ ሲካፈል በደቂቃ 42 ገደማ ይመጣል። ሰዓቱን ወደ ደቂቃ ሳይለውጥ በ8 የሚያካፍል ተማሪ 2,500 ያገኛል። የሚገርመው ስሕተቱ አይደለም፤ 2,500 ጠብታ በደቂቃ ሊቆጠር ቀርቶ ሊታይ እንደማይችል ሳያስብ መልሱን አስምሮበት ማለፉ ነው።

የነርሲንግን ቦታ የሚያሳጣው ሌላ ነገር ከጥናት ጋር አይገናኝም። መንገድ ተዘግቶ ወይም ታሞ አገር ቤት የቀረ ተማሪ ሳያስታውቅ ከቀረ እንዳቋረጠ ይቆጠራል፤ የመልቀቂያ ቅጽ (ዊዝድሮዋል) ሞልቶ የወጣ ግን በደንቡ መሠረት ተመልሶ ሊቀጥል ይችላል። ፋይናል ያመለጠው ሰው የሕክምና ማስረጃውን ይዞ ወዲያው ለመምህሩና ለትምህርት ክፍሉ ማቅረብ አለበት። «ኢንኮምፕሊት» (ያልተሟላ) ሆኖ የተንጠለጠለ አንድ ኮርስ ካለ አማካዩ አይዘጋም፤ አማካዩ ያልተዘጋ ተማሪ ምደባ ሲሠራ ዝርዝሩ ውስጥ ላይኖር ይችላል። የተሳሳተ የመሰለ ማርክም ካለ ቅሬታው በማመልከቻ የሚቀርብበት ቀን የተወሰነ ነው። መምህሩን ኮሪደር ላይ መለማመጥ እንደ ማመልከቻ አይቆጠርም።

የትምህርት ክፍል ምርጫ ሲሞላ አንድ ጥያቄ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ምደባው በሁለት መንገድ ሊሠራ ይችላል። አንደኛው ተማሪዎችን በውጤት ደርድሮ ከላይ ጀምሮ እያንዳንዱን በምርጫው ቅደም ተከተል ያስገባል። እዚህ ላይ ፋርማሲን 1ኛ፣ ነርሲንግን 2ኛ ብሎ መሙላት ምንም አያስከፍልም። ሁለተኛው ግን መጀመሪያ ነርሲንግን 1ኛ ያደረጉትን ይጨርስና ከተረፈ ነው ወደ ሌሎቹ የሚወርደው። በዚህኛው ነርሲንግን 2ኛ ያደረገ ባለ 3.4 ተማሪ 1ኛ ባደረገው ባለ 3.1 ይቀደማል። የትኛው እንደሚሠራ ሳያውቁ ቅጹን መሙላት ገበያ ዋጋ ሳይጠይቁ ከረጢት መፍታት ነው።

ነርሲንግ ያልደረሳቸው ወይም የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ያላመጡ ልጆች ወደ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ከዲግሪ በታች ባለ ደረጃ መግባት ይችላሉ፤ መቁረጫውን በየዓመቱ ማጣራት ነው። ወደ ግል ኮሌጅ የሚሄዱ ወላጆች በሬ ሸጠው ከመክፈላቸው በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ይጠይቁ። ዕውቅናው ለኮሌጁ ስም ብቻ አይሰጥም፤ ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ነርሲንግ የተፈቀደለት ተቋም ፍኖተ ሰላም በከፈተው ቅርንጫፍ ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም።

የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በአካባቢያችን ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የጤና ትምህርቶችን የምደባ መስፈርት፣ ማለትም የፍሬሽማን አማካይ ስንት እጅ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ስንት እጅ፣ የመግቢያ ፈተና ካለ ስንት እጅ እንደሚይዝ፣ ተማሪ በተመዘገበ በመጀመሪያው ሳምንት ይለጥፉ። ከጎኑም ባለፈው ዓመት ነርሲንግ በመጨረሻ የገባው ተማሪ ያመጣው ነጥብ፣ ስሙ ሳይጠቀስ፣ ይቀመጥ። ጋዜጣችሁም ያንን ቁጥር ከየዩኒቨርሲቲው ጠይቆ ከ12ኛ ክፍል ውጤት ዜና ሥር ቢያትመው ኔትወርክ የማይደርሳቸው ቀበሌዎች ያሉ ልጆችም ያዩታል።

ሁለት የነርሲንግ መምህራን
ከደብረ ማርቆስ